ያልተጎረሰች

አባቴ ቀን ቀን የባቡሩ ቶርኖ ቤት ብረት ሲልግ ይውላል፣
ማታ ደቻቱ ዳር በጓሯችን የሰው ቀለሃ ይሞላል፤
እርሳሱን በማንኪያ አቅልጦ፣ ባሩዱን በሚዛን ሰፍሮ፣
ፋኖሱን ሦስት ክንድ አርቆ፣ ሲጋራውን ከደጅ ቀብሮ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጣቴ ቀጭን ስለሆነ፣
ጆሮዬም ስለማይሰንፍ፣ የመጨረሻው ሥራ የኔ ሆነ።

ከተሰበረ የፉርጎ አክስል ቆርጦ የፈለፈላት
አንዲት ብረት ነበረችን፤ «እማኝ» ብሎ ሚጠራት።
የተሞላችውን ጥይት ጫፏን ቁልቁል አድርጌ
እለቃታለሁ ወደ ውስጥ። አልገፋም። ትንፋሼን ውጬ
እሰማለሁ።
«ጥም» ካለች፣
ቂጧ ከእማኝ ከንፈር እኩል ካረፈች፣
ጥፍሬን ሳሳልፍ ካልደነቀፈኝ፣ ወደ ጣሳው።
ከፍ ካለች መዝጊያው አይዘጋም፤ ከሰመጠች መርፌው አይደርሳት።

«ጠመንጃ እንግዳ ነው» ይላል፣ «በግድ አይጎርስም።
ጉርሻሽን ለአፉ ልክ አድርጊ።
እኔ እጄን አላምነውም። እጅ ይደክማል።
ደግሞ አትግፊ። የገፉት ሁሉ ይገባል።»

ዩያ በከር ከቢዮ አዋሌ፣ የማሽላ ጠባቂ፣
ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ የሚያኖር፣
ውጅግራውን እንደ ምርኩዝ የሚደገፍ፣
ዝንጀሮ ሁሉ መልኩን ለይቶ የሚያውቀው ሽማግሌ ነበር።
አንድ ቅዳሜ መጣ። አባቴን ወባ ጥሎታል፤
ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል።
«ቶሎ በይ ልጄ፣ መኪናው ሊሄድ ነው፤
እሸቱ ደርሷል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የሰው ሌባ ነው።»

አሥራ ዘጠኙ «ጥም» አሉ።
ሃያኛዋ ቆመች። የጥፍር ውፍረት ታህል፣
ደጃፍ ላይ እንደሚያመነታ አበዳሪ።
መኪናው ጥሩንባ ነፋ።
አውራ ጣቴን ጫንኩባት።
ገባች።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ በእግሩ መጣ፤ ጫማው አሸዋ ነው።
ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፣
መዝጊያው ግማሽ መንገድ ላይ እንደነከሰ።
«ይቺን አልጎረሰችም» አለ። ሳይቆጣ።
ውሃ ሰጠሁት፤ ኩባያው ከጥርሱ ጋር ይንኳኳል።

«ጨረቃ የለም። አገዳው ተንኮሻኮሸ።
ሁለቴ ማነህ አልኩ። ዝም።
ጉልበቴን ተክዬ ባቀባብል መዝጊያው እምቢ አለኝ።
ስታገለው፣ በመዳፌ ስደበድበው፣
‹አካኮ› አለኝ አገዳው።
የልጄ ልጅ ነው፤ ጀቢር። እራቴን ይዞልኝ።
ሲፈራ ምላሱ ይታሰራል።»

አባቴ ከነብርድ ልብሱ ተነሣ።
በዘይት አባብሎ አወጣት፤ እማኝ ውስጥ ጣላት።
ቆመች።
ጥፍሩን አሳለፈባት። ወደ እኔ አላየም።
«አላህ ነው ያስቆማት» አለ ዩያ፣ «ልጅቷን እንዳትናገር።»
«እሱስ እሱ ነው። የሱን አለካክ እሱ ያውቃል።
እኔ ያለችኝ ይቺ ናት፤ በሷ በኩል ዕድል አይገባም።
ነገ ጅብ ቢሆንስ? ጅብ አካኮ አይልም።»

ያን ሌሊት ሳገላብጠው አደርኩ፦
ልክ ብሠራ ኖሮ ልጁ…
ስላልሠራሁ ግን…
አንዴ ከፍ ይልብኛል፣ አንዴ ይሰምጣል፤
እስከ ዛሬ «ጥም» ብሎልኝ አያውቅም።

ቶርኖ ቤቱ ዝጓል። አባቴም ዩያም የሉም።
እማኝ በቅባት ጨርቅ ተጠቅልላ ሣጥኔ ውስጥ አለች።

ትናንት ከሳቢያን ታይዋን ባጃጅ ያዝኩ።
ጀቢር ነው የሚነዳት። አውቀዋለሁ፤ አያውቀኝም።
ከጆሮው በላይ ሸብቷል፤ ልጆቹን በመስታወቱ ላይ ለጥፏል።
የሃያ ብሩን መንገድ «ሠላሳ» አለኝ፤
አልተከራከርኩም።
ስወርድ ያሠራው የላሜራ በር አልገጥም አለኝ።
አንዴ መለስኩት፣ ሁለቴ መለስኩት፤ ቆምኩ።
«ግፉት እትዬ» አለኝ ዞር ብሎ፣
«ግፉት፣ ይገባል።»