ስቱኮ የሌለባት

ከተክለሃይማኖት ወረድ ብሎ፣ ሶማሌ ተራ ጥጉ ላይ፣
ሐምሌ በላያችን ሲወቃ፣ ቆርቆሮው ከዝናብ ሲወያይ፣
ጋሽ ልሳኑ መኪናዋን ነድቶ፣ ከደጄ አቆማት ቀስ ብሎ፤
አልወረደም፤ ቁጭ አለ ጋቢና፣
እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ፣ ካርዱን በእጁ አንጠልጥሎ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት፤
ጨረታ ወጥታ በስተርጅና፣ ሾፌሯ ራሱ ገዛት፤
“የጡረታዬን” አለኝ “ባንድ ላይ፣ ለእሷ ነው የከፈልኩላት።”

ደላላው ሸምሰዲን ከየት መጣ፣ ዣንጥላ ዘርግቶ ብቅ አለ፤
“ስቱኮ ጠቅጥቅ፣ ቀለም ርጭ፤ ቅዳሜ የሚያያት ገዥ አለ።
ሞተሯ እንደሁ ሰዓት ነው፤ ዝገቱን ማን ያይብሃል?
ላንድክሩዘር መቼ ይሞታል? ስሙ ብቻ ይሸጥልሃል።”

እኔ ባቲላሜራ ነኝ፤ በዓይኔ ብረት አልመረምር፤
በመዶሻ ጫፍ ነካ አርጌ፣ ጆሮዬን ነው የማማክር።
ጤነኛው ላሜራ ይመልሳል፣ እንደ ጠዋት ደወል ጥርት ብሎ፤
የተበላው ግን ያስላል፣ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቅልሎ።

ኮፈኑ፦ ጥርት።
ፓርፋንጎው፦ ጥርት።
የኋላ በር፦ ሳል።
ከወለሉ ስደርስ መዶሻዬ
ገባ፤
አልተመለሰም።
ምንጣፉን ብገልጥ የደጄ ጭቃ
ከታች ሽቅብ ያየኛል።

ዝገት እንደ ውሃ ነው ነገሩ፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤
ቀለም ሥር ብጉር አብቅሎ፣ ከርሞ ነው ብረቱን የሚንድ።
ገደል አልጎዳትም፣ ድንጋይ፣ የኦሞ ጭቃ፣ የዋቤ ወንዝ፤
ሳይታጠብ ያደረ ጨው ነው፣ ጎኗ ገብቶ የሆናት ነቀዝ።

ረዳቴ ድላሞ ሻንሲዋን፣ በግራይንደር ጎኑን ሲከፍት፣
ፈሰሰ፤ እፍኝ የማይሞላ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ዱቄት።
“ቀዩ” አለ ጋሽ ልሳኑ ጎንበስ ብሎ፣ “ይሄ የያቤሎ ነው፤
ጥቁሩ ጋምቤላ፣ ባሮ ማዶ፤ ነጩን ቅመሰው፤ አሳሌ ነው።”

ድላሞ በጣቱ ቀመሰና
ሳቀ።
ሽማግሌው አልሳቀም።

“አንድ ጀሪካን ውሃ ነበረን፣ እሷን ለማጠብ የሚሆን፤
ጉድጓዱ ገና አልፈለቀም፤ ልጆች መጡና ከበቡን።
ሰጠን።
እንዲሁ አደረች።”

የስቱኮውን ጣሳ ከደንኩት፤ ሸምሰዲን ተሳድቦ ሄደ።
ላሜራ ተወዷል ዘንድሮ፤ ልሳኑ ኪሱን ዳሰሰ፤
ትዝ አለኝ አንድ በር ከጓዳ፣ ጌጃ ሰፈር ቤቱ የፈረሰ፣
የእትዬ ብርነሽ የግቢ በር፣ ከቆራሌው በኪሎ የገዛሁት፤
ወፍራም ነው፣ የድሮ ሰው ሥራ፤ መዶሻዬን ሲመልስ ሰማሁት።

ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ በየድኩ፤ ብልጭታው ዝናቡን ሲወጋ፤
ሁለት ቀን ከሥሯ ተኝቼ፣ ጀርባዬ ከጭቃው ሲጠጋ።
የተቃጠለ ዘይት ረጨሁ፣ ግራሶ ከውስጧ ቀባሁ፤
የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቿን፣ በሚስማር አንድ በአንድ ከፈትሁ።

በሩ ላይ የቤት ቁጥር ነበረ፤ ልፍቀው ብዬ ተውኩት፤
ከሾፌሩ እግር ሥር ዋለ፤ ምንጣፉን ከላይ አለበስኩት።

“ስንት ዓመት ትሄዳለች?” አለኝ።
“እኔ እንጃ። ዝገት ይተኛል እንጂ አይሞትም።
በየመስከረሙ አምጣት፤
እያንኳኳሁ እሰማታለሁ።”

ወደ ሜክሲኮ ታጠፈች፤ አስፋልት ለእሷ ምን አላት፣
ተራራ የለመደ ጎማ፣ የከተማ ጉድጓድ ቢያነጥራት።
እትዬ ብርነሽ ኮንዶሚኒየም ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከከተማው ዳር፤
በራቸው ግን እዚሁ መሀል፣ ይዞራል በናፍጣ አዳር።

ለአራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር
መልእክት የያዘ ሰው ካለ፣
ቀይ መብራት ላይ ጠብቆ
ጋቢናዋን ያንኳኳ።