ከዳር ወደ መሀል

ባልዲውን ያዢልኝ፣ ሲፈን፣ እንውጣ ቶሎ፣
የአዳማ ነፋስ ሳይመጣ አቧራውን አዝሎ።
እትዬ አመለወርቅ ትናንት ማታ ደውለው፣
«አንዲት ነጥብ ብቻ፤ ሦስት መቶ ይበቃል» ብለው፣
ሳልመልስ ዘጉት።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ልጃቸውን ሊጠይቁ፣
ሦስት ሽማግሌዎች ከአሰላ እዚህ ሊዘልቁ፣
ሶፋው ላይ ግን፣ በክንዱ ጫፍ፣ ልክ እንግዳ በሚያርፍበት፣
ቀይ ወጥ አለ፣ የፋሲካ ለት የፈሰሰበት።

ባጃጁ ፍራንኮ እስኪደርስ፣ ስሚኝ።
እድፍ እንደ ሐሜት ነው፤ በፈተግሽው ቁጥር ሰፈር ያዳርሳል፤
ከዳር ወደ መሀል ቀስ አርገሽ ስትጫኝው ወደ ቤቱ ይመለሳል።
ደም ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ከነካው ይበስላል፤
በረኪና ምሕረት የለው፣ ከነእድፉ ጨርቅ ይበላል፤
ዘይት ላይ ዱቄት ነስንሺ፣ ሌሊቱን ሲጠጣው ያድራል፤
የእስክሪፕቶ ቀለም ደሞ ከሁሉም አልኮል ይፈራል።
ማስቲካ? በረዶ።
የልጅ ሽንት? አቾቶ።
«ሻይ ነው» ይሉሻል ቢራውን፣ «ልጅ ነው» ይሉሻል ባላቸውን፤
አትጠይቂ፤ አሽትተሽ እወቂ፣ ሸፍኚላቸው ነውራቸውን።

ተንበረከክን። ላርጎ በለብታ፣ አንድ ማንኪያ አቾቶ፣
ነጭ ጨርቅ በነጭ ጨርቅ፣ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ተተክቶ፤
ቀዩ ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ቢጫ ሳሳ፣
ከአንድ ሰዓት በኋላ የፋሲካው ወጥ ጭራሽ ተረሳ።

እትዬ መጡ። ቆሙ። መነጽር አጠለቁ።
«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» ጣታቸውን ሰደው ጠየቁ።
እውነታቸውን ነው።
እድፉ በነበረበት፣ የሾርባ ሳህን የሚያህል፣
ነጭ ጨረቃ ወጥታለች ከአመዳሙ ጨርቅ መሀል።
አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ግራጫ ነው ያሉት፣
መጋረጃ ያስመረጡት፣ ምንጣፍ ያስማሙለት፣
ግራጫ አልነበረም።
አቧራ ነው፣ ቀስ ብሎ የተኛበት።
ሶፋው ክሬም ነው! አንዲቷን ነጥብ ብናጠፋ፣
ንጹሑ እድፍ ሆኖ አረፈው፣ እድፉ ደግሞ ሶፋ።

«እንደነበረ መልሱት!» ወጥ ልድፋበት እንዴ?
ከንፈርሽን ነከስሽ፣ ሲፈን፣ ሳቅሽ ተጋባ ከሆዴ።

ስለዚህ ሁሉንም። ባለ ሦስቱን፣ ነጠላዎቹን ሁለት፣
በዚያችው ሦስት መቶ፣ ለስማችን ስንል፣ ከጠርዝ እስከ ስፌት፤
የባልዲው ውሃ የአዋሽን የክረምት መልክ ያዘ፤
ሰባት ጊዜ ደፋሽው፣ ክንድሽ ደነዘዘ።
ትራሶቹን ግቢ አሰጣን። ነፋስ መጣ በሰዓቱ፤
ማድረቂያውም እሱ፣ ማቆሸሻውም እሱ፣ ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው ቤቱ፤
አንሶላ ጣልንባቸው፣ አንቺ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ጫፍ ተቀምጠን፣
ምሳ እንኳ ሳንበላ፣ ከአቧራ ጋር ተፋጠን።

ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ።
እትዬ ሮጠው፣ «በረንዳው ይሻላል፣ ቀዝቀዝ ይላል» ብለው፣
በፕላስቲክ ወንበር ደረደሯቸው፣ ሳሎኑን ዘግተው፣ መጋረጃ ጥለው።
ጨርቁ ደርቋል። በእጄ ጀርባ ነክቼ አይቻለሁ።
የአንዱ ሽማግሌ ወንበር እግሩ ይወዛወዛል፣
ቃል በጀመሩ ቁጥር ዘንጋቸውን ይይዛል።

ሂሳቤን ተቀብዬ ስወጣ፣ መጋረጃው ሳይገጥም በቀረበት፣
አየኋት ልጅቷን፣ የሚጠየቁባትን፣ ብቻዋን፣ በተከለከለው ቤት፤
እግሯን አጣጥፋ ተደላድላለች ክሬሙ ሶፋ ላይ፣
በቀኟ ስልክ፣ በግራዋ አፉ ድረስ የሞላ ሻይ።