ሰባት ኪሎ ተኩል

ዓርብ ነው። ሻርጃ። ሮላ ጀርባ፣ ከገንዘብ መላኪያው ቀጥሎ፣
ብርድ ልብስ ቆሟል ተደራርቦ፣ እስከ ጣራው ተቆልሎ፤
ባለ ነብር፣ ባለ ጣዎስ፣ ባለ ጽጌረዳ አበባ፣
በላስቲክ ቦርሳ ታሽጎ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ሊገባ።

እኔ የመጣሁት ለጫማ ነበር። ሰማያዊ፣ ክፍት፣ ቀላል፤
ስድስት ዓርብ በመስታወት አይቼው፣ ልቤ «የኔ ነው» ብሏል።
ቲኬቴ የረቡዕ ነው። የሚፈቀደው ሠላሳ ኪሎ፤
አራት ዓመቴ ይመዘናል፣ በዚያች ሻንጣ ተጠቅልሎ።

ሻጩ ኩኛሊ የኬረላ ሰው ነው፤ ዐሥር ቃል አማርኛ ያውቃል፣
«ነይ እህት»፣ «ርካሽ»፣ «ወፍራም»፣ «አይለቅም» ይላል፣ ይስቃል።
ዛሬ አልጠራኝም። እኔም ዋጋ አልጠየቅሁት፤
እጁን ከነብሩ ላይ አሳርፎ፣ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

እንዴት ዐወቀ?

ባቲ እኮ ነው የምሄደው!
ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ ግመል እንኳ ጥላ የሚሻበት፣
ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ ነጠላ እየገፈፈ የሚያድርበት።
እናቴ ብርድን የምታውቀው፣ ደሴ ደርሶ ከመጣ ሰው፤
ሰባት ኪሎ ተኩል ነብር፣ ማን ይሸከመው? ማን ይልበሰው?

ግን ሉባባ ከጅዳ ስትመለስ፣ ያኔ ዐሥራ አንድ ነው ዕድሜዬ፣
ያመጣችውን ብርድ ልብስ ልናይ ሄድን፣ እኔና እማዬ።
ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም አይተኛበትም፣
ከነላስቲኩ፤ አቧራ እንኳ ሳያስፈቅድ አያርፍበትም።
ቆመን አየነው። ማንም ምንም አላለም።
እማዬ መንገድ ላይ አንዴ ተነፈሰች። ከዚያ ሌላ የለም።

የሐዋ ልጅ ዘምዘም ግን፣ ብሯን ባንክ አስቀምጣ
በትንሽ ቦርሳ ገባች። «ተባርራ ነው» አለ ወፍጮ ቤቱ፣ «ወይ ታማ፣ ወይ አምልጣ»።
ዘንድሮ ሱቅ አላት። ስኳር ይገዟታል።
ወሬውን ግን አልተዉላትም።

«ኩኛሊ፣ ያንተስ አገር ይበርዳል?» አልኩት ባረብኛ።
«ወላሂ እሳት ነው» አለኝ፣ «ማራገቢያ ሥር ነው የምንተኛ።
በየሁለት ዓመቱ ግን አንድ ብርድ ልብስ እወስዳለሁ፤
ቁምሳጥኑ ሞላ። ለምን እንደሆነ… ቆይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ።»

ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ሁለታችንም ክምሩን አየን።

«ነብሩን ተው፤ ጣዎሷን ስጠኝ» አልኩት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፤
ይቺ እንኳ የኔ ምርጫ ናት፣ ከክምሩ መሐል ፈልጌ።

ከዚያ ነው በር ላይ ያየኋት፤ ገና የመጣች፣ ልጅ እግር፤
ዐይኗ ፊቴ ላይ አልነበረም። ላስቲኩ ላይ ነበር።
እኔ ምንም አላልኳት። እሷም ምንም አላለችኝ።
ጫፉን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፣
አንዴ ተነፈሰች።

ያንን ትንፋሽ ዐውቀዋለሁ።

ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀረኝ። ጫማው ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤
ግን ሰማያዊ ጫማ ለራሷ ይዛ የመጣች ሴት፣
እኛ ሰፈር አይቼ አላውቅም።