አንድ እፍኝ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ የማታ ፈረቃ፤
ሰው ሲተኛ ገብቼ፣ ስወጣ ሰው ሲነቃ፤
ከክር ፋብሪካው ጋር እንዲህ ሆኜ ኖሬ፣
ጡረታዬን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ሰፍሬ፣
ማሽኑ ግን ጡረታ አልወጣም እንደኔ፤
ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ይነሳል ከጎኔ።

ያኔ እኔም እነሳለሁ። ከአራተኛ ፎቅ ላይ፣
አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ስቆጥር ይቀላል ሰማይ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ። ሲስተር ትርሲት ሰማችኝ፤
ግፊቴን ለክታ እንዲህ ስትል መከረችኝ፦
«ጋሽ ሽብሩ፣ ክኒኑ ለጊዜው ይቆየን፤
ከማታው ሻይ ይቀንሱ፤ እስቲ እንሞክር ይሄን፦
በቀን አንድ እፍኝ ለውዝ። ኦቾሎኒም ቢሆን፤ ጨው ያልነካው።»
«ያስተኛል?» አልኳት።
«ያስተኛ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት፤
ጥናት አለ ይላሉ፤ እኔ አልሞከርኩት።»

ሐቀኛ ልጅ ናት። «ይሆናል»ን ይዤ፣
ማዘዣ የሌለው መድኃኒት ፍለጋ በእግሬ ተጉዤ፣
ታክሲ ተራው ጥግ ላይ ሌሊሴን አገኘሁ።

(ስሟን በሰማሁ ቁጥር ሌሊት ይመስለኛል፤
«በእኛ አፍ ሌላ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።)

ስኒ ነው መስፈሪያዋ።
ከሥሩ ወረቀት ጠቅጥቃበታለች፤
አየሁባት። ማየቴን አየች።
ምንም ሳንባባል፣ ሦስት ፍሬ ጨምራ
«ምርቃት» አለችኝ፤
«አሜን» አልኳት፣ ድምፄን ሳላጠራ።

ደብተር ገዛሁ። ፈረቃ መዝጋቢ ነበርኩ፤ እጄ አልረሳም፦

ሰኞ፦ አንድ እፍኝ። ሦስት ሰዓት ተኛሁ።
ማክሰኞ፦ አንድ እፍኝ። ጥርሴ እንቢ ቢለኝ በሙቀጫ ወቀጥኩት፤
የታች ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ።
ሁለት ሰዓት፤ እሱም በንዴት።
ረቡዕ፦ ኦቾሎኒ የጾም ነው። አራት ሰዓት።
ሐሙስ፦ ረሳሁት። አምስት ሰዓት ተኛሁ!
(ይህን ለትርሲት አልነግራትም።)
ዓርብ፦ እፍኝ ተኩል፣ የሐሙስን ለማካካስ። ሆዴ ሲያጉረመርም አደረ።

እንቅልፍስ እንደ ዱቤ ደንበኛ ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣
ስትጠብቀው ጊዜ በሌላ በር ይወጣል።
ግን ቀኑ ተለወጠ። አሥር ሰዓት ሲል የምሄድበት አለኝ፤
የሚጠብቀኝ ስኒ አለ፤
ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ የምከራከረው ሰው አለ።
ጫማዬን መጥረግ ጀመርኩ፣ ማንም ሳይለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣ ማሽኑ ቀሰቀሰኝ፤
ዛሬ ግን ከውጭ ነው። ጆሮዬ አልዋሸኝ።
ሻ... ሻ... ሻ...
መስኮቱን ከፈትኩት። ሽታው ቀድሞ ገባ፤
ኮሚናሉ ውስጥ መብራት፣ ከብሎክ አሥራ ስድስት ጀርባ፤
ሌሊሴ ብረት ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ ታምሳለች፤
የእኔን እንቅልፍ ልትሠራ ፈረቃ ገብታለች።

ካፖርቴን ደርቤ ወረድኩ።
ዘበኛው ሁንዴ ባትሪ አበራብኝ፤
«ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው ታመመ?»
«የለም፤ ሥራ ልገባ ነው» አልኩት።

«መቼ ትተኛለሽ?» አልኳት።
«የታክሲው ሰልፍ ሲቀንስ። ቁጭ ብዬ።»
ይህን መልስ አውቀዋለሁ፤
ለሟች ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ስመልስላት ኖሬያለሁ።
«ማማሰያውን አምጪ» አልኳት። «ፈረቃ ልቀበልሽ።»
ሳቀች።
ከዚያ መሳቋን ተወችው፤
ባልታመሰው ጆንያ ላይ ራሷን አስደገፈች።

ቅዳሜ፦ አንድ እፍኝ፣ ከነትኩሳቱ።
እኔ፦ ዜሮ ሰዓት።
ማሽኑ፦ አልገባም። ምክንያት አልተገለጸም።
ሌሊሴ፦ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ጆንያ ላይ፣ አንኮራፍታ።
የጠፋ ንብረት፦ አንድ ምጣድ ሙሉ። አረረ።