ባሕር በብልቃጥ

«ሦስት ሰዓት ሲል ጉዞ!» ብሎን ነበር አባቴ፤
ሦስት አለፈ፤ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ትታገላለች እናቴ።
ፎጣው ውሃ ቋጥሯል፣ ጫማው አሸዋ ጎርሷል፣
የታናሼ የቲሜክ የጎማ አዞ ግማሽ ጎኑ ተንፍሷል፤
ግማሹ ግን እንቢ ብሎ፣ ጥርሱን አግጥጦ ይስቃል።
ወይዘሮ ዝላታ፣ ያከራየችን፣ መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤
ሳምንቱን ሙሉ ዘግታን፣ ዛሬ ተራ በተራ ትስመናለች።
ሌሎች እንግዶች አሉ፣ በሰባት ሰዓት የሚመጡ፤
በእኛ አልጋ የሚተኙ፣ በእኛ መስኮት የሚያፈጡ።

አያቴስ?
ማንም አላየውም።

አልፎንስ አያቴ፣ የካቶቪትሴ ሰው፣
ከምድር ሆድ ከሰል አርባ አንድ ዓመት የማሰው፣
ሰባ ሦስት ሞልቶት፣ ባሕር ሲያይ ገና ዘንድሮ ነው።
የመጣን ዕለት ዳር ቆሞ፣ ሽቅብ አይቶ፣ አይቶ፣
«ጣሪያ የለውም» አለ፣ ባርኔጣውን አንስቶ።
ሌላ ቃል አልወጣውም ለራት እስክንቀመጥ፤
ዓሣውንም አልበላ፣ በሹካ ሲገለባብጥ።

እኔ ተላክሁ ልፈልገው፣ በደረጃው ቁልቁል፣ በጥዱ መሃል፤
ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ቆሟል።
የገረጣ ቅልጥሙ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ነበረ፤
ከሰል ነው፤ ቁስሉ ሲድን ከሥጋው ተሰፍቶ የቀረ።
በእጁ ብልቃጥ፤ ዝላታ የሰጠችን የበለስ ማርመላታ፣
በጣታችን ጠርገን የጨረስናት ማታ።
ከአንዱ ሞገድ ይቀዳል፣ ያየዋል፣ ይደፋል፤
ከሌላው ይቀዳል፣ ያየዋል፣ ይደፋል።
«አባባ ተቆጥቷል!»
«ይቆጣ። ይሄ ደፍርሷል። ለኤርቪን ነው።»

ከፊት አባቴና እናቴ፣ ከኋላ እኛ ሦስታችን፣
ብልቃጡ ከአያቴ ጭን፣ አዞው ከነግማሽ ነፍሱ ከእግራችን።
ባሕሩ በግራ መስኮት ብልጭ አለ፣ ጠፋ፤ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፤
«ቻው» ልለው ስዘጋጅ ተራራ ላዩ ላይ ተደፋ።

ከዚያ ዋሻ።
ዋሻ በመጣ ቁጥር አያቴ ባርኔጣውን ያወልቃል፤
«እግዜር ይርዳችሁ» ይላል፤ ከሰል ቆፋሪ ሲገናኝ እንዲህ ነው የሚባባል።
በመጀመሪያው ሳቅን፣ እኔና ቲሜክ፤
በሁለተኛውም ሳቅን።
በአምስተኛው ቲሜክ ራሱ ኮፍያውን አወለቀ፤
ወደ ጨለማው አጎንብሶ «እግዜር ይርዳችሁ» አለና ጠበቀ።
መልስ የለም፤ የጎማ ጩኸት፣ የመብራት ረድፍ።
«የእኛው እንዲህ ብርሃን አልነበረው» አለ አያቴ፣ ለራሱ፣ በግማሽ አፍ።

ኦስትሪያ ዝናብ ነው። እናቴ ተኝታለች።
ቼክ ነዳጅ ማደያ አባቴ ሳንቲም ዘረገፈ፤ ሻጯ ራሷን ነቀነቀች።
«ትናንት አይስክሬም ይገዛ ነበር» አለ ቲሜክ፣
አንዷን ሳንቲም ገልብጦ እያየ።

ካቶቪትሴ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሌሊቱ፤
ጠረኑ ተለውጦ የሌላ ሰው ይመስላል ቤቱ።
ጠረጴዛ ላይ የረሳነው ግማሽ ሎሚ ደርቆ፤
ሰዓቱ ግን ሲቆጥር ከርሟል፣ ማንን ጠብቆ?

በነጋታው ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ አያቴና እኔ።
ኤርቪን፣ በአንድ ጉድጓድ አብሮት የወረደ፣
አቧራው ሳንባው ላይ ቤት ሠርቶ የከበደ፤
ከአልጋው እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ አልጋ፣
የአየር ቱቦው ርዝመት ነው አገሩ፣ ክረምት ከበጋ።
ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳው።
ሰማያዊ አይደለም። ያን ሁሉ መንገድ
ሰማያዊ ይዘን የመጣን መስሎኝ ነበር።
ጣቱን ነክሮ ላሰ፤ ፊቱን አጨማደደ፤
ክዳኑን ገጥሞ፣ ወዝውዞ፣ ወደ ጆሮው ወሰደ።
«ድምፁስ?» አለ። «ድምፁን ረሳኸው።»

አያቴ ወንበር ሳበ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ጣለ፤
አፉን አሹሎ፣ በተሸነቆረ ጥርሱ፣ ሽሽሽ አለ።
ይመጣል፤ ይመለሳል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ጥቂት ያርፋል፤
ኤርቪን ዓይኑን ጨፍኖ ከቱቦው ጋር ይተነፍሳል።
ከታች እናቴ ትጣራለች፦
ልብስ ማጠቢያው በአሸዋ ተይዟል።