የጃርት ወስፌ

ከሌሊት ፈረቃ ስገባ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ዳማ ማሰሪያውን ነክሶ በር ላይ ቆሟል እንደ ጌታ።
«ደክሞኛል» ብለው አይሰማ፤ ድካም የሰው ወሬ፤
እሱ የሚያውቀው ሽታ ነው፣ የትናንት፣ የዛሬ።

መቶ ሠላሳ አራት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
የኤድመንተንን መብራት ከላይ ትተን
ወደ ሸለቆው እንወርዳለን።
መጋቢት እያለቀ፣ ወንዙ ላይ በረዶው ጃርት እንደበላው ዱባ፣
ውሃው በየቀዳዳው ብቅ ብሎ ተመልሶ ሲገባ።
አንዲት ጥቁር ቆብ ያጠለቀች ወፍ
ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች
ስሟን ራሷ ትጠራለች፦ ቺካዲ፣ ዲ፣ ዲ፣
ጠሪ እንደሌላት ሁሉ።

ከማዶ ተረተር ላይ አንድ ኮዮቴ ታየ፤
ቀበሮ እንዳልለው ረዝሞ፣ ተኩላ እንዳልለው ቀጥኖ፣ ከሁለቱም ተለየ።
ስንሄድ ሄደ፤ ስንቆም ቆመ፤
የግቢ ዘበኛ መስሎ
«ማንን ነው?» አለን በዓይኑ።
ለፖስታ አመላላሹ አንበሳ የሚሆነው ውሻዬ
ቃል አጥቶ እግሬ ሥር ተወሸቀ።
ዛፎቹ እስኪያልቁ ድረስ ሸኘን፤
ከዚያ ቁጥቋጦው ዋጠው።
ኮዮቴ፣ ያለ ኮቴ።

ያኔ ነው ማሰሪያውን የፈታሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።
«አደጋው አለፈ» ብዬ። አደጋ ግን ስሙን ሳይናገር
ከጥዱ ግንድ ሥር ቁጭ ብሎ ቅርፊት ያኝክ ነበር።
ጀርባውን ሰጠን እንጂ አልሮጠም። ለምን ይሩጥ?
ጀርባው ሙሉ መልስ የያዘ፣ ጥያቄ ምን ያስጨንቀዋል?
ዳማ ጠየቀ፤ በአፍንጫው።
ያንን ጩኸት ጆሮዬ እስካሁን ያውቀዋል።

ሠላሳ አንድ ወስፌ።
አገጩ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ፣ አንዱ ምላሱ ላይ።
የእንስሳት ሐኪሙ ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፍት፤
ሃያ ስምንት ኪሎ ውሻ ታቅፌ ሽቅብ ስወጣ
መቶ ሠላሳ አራቱ ደረጃ ሦስት መቶ ሆነ።

ጎረቤቴ ዶሪን ካርዲናል በሌሊት ልብሷ ወጣች፤
አልጠየቀችኝም፤ ከመሳቢያ ጉጠት አመጣች።
ራሱን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ
«ጆሮውን እሺው፤ እንዳታዪ፤ ከእጄ ይልቅ ፊትሽ ያስፈራዋል» አለች።
ከሥር ከሥሩ፣ ቀጥ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ነቀለች።
የምላሱን መጨረሻ።
እሱ ሲያለቅስ እኔ አፈርኩ፤
እሷ በከንፈሯ ትቆጥር ነበር።

አልጣለቻቸውም። በሳሙና አጥባ፣
ባዶ የሰናፍጭ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረቻቸው።
«አክስቴ ቀለም ነክራ ሞካሲን ትጠልፍበት ነበር፤
እኔን ላስተምርሽ ስትለኝ ቴሌቪዥን አይ ነበር።»
«በቋንቋሽ ምን ይሉታል?» ስትለኝ «ወስፌ» አልኳት፤
ስፌት የሚሰፋበትም በዚሁ ስም እንደሚጠራ ነገርኳት።
ሳቀች። «እንግዲያው ጃርቱ ባለሙያ ነው፤
የውሻሽን አፍ ሊሰፋው ነበር የጀመረው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል።
ዳማ ተረት አያውቅም።
በሳምንቱ፣ የከንፈሩ እብጠት ሳይጎድል፣
ያንኑ ጥድ ካላሸተትኩ ብሎ ጎተተኝ።
በልጥ የምደነብረው እኔ ሆንኩ፤
ጉቶ ሳይ፣ የወደቀ ጓንት ሳይ፣
ነፋስ የሚያንከባልለው ጥቁር ፌስታል ሳይ፣
ማሰሪያውን እጄ ላይ ሁለቴ እጠመጥማለሁ።

ጃርቱ ዛፉ ላይ ነበር። ከፍ ብሎ።
ቁርጥም፣ ቁርጥም፤
ቅርፊቱ ባርኔጣዬ ላይ ይረግፋል፤
ቁልቁል እንኳ አላየንም።
ዳማ ሽቅብ አንጋጦ
ጅራቱን ቆላለት።