ከመቶ ስንት

ሰኔ ሃያ ስምንት፣ ቢቸና፣ ከሰዓት፤
ቆርቆሮው ይጮሃል ከዝናቡ ብዛት።
አጀንዳው አንድ ነው፤ ተሰብሳቢው አሥር፤
ተገምጋሚው አንዳርጌ፣ በገዛ ቢሮው፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ።

ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ፣ ይታይሽ፤
«የሒሳብ መምህርት ነሽ፣ ቁጥር ታውቂያለሽ»
ብለው ከክፍሌ ጠሩኝ።
ወረቀቱ ላይ ሠንጠረዥ ተሰምሯል፦
መስፈርት፣ ክብደት፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ ነጥብ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የመራ ሰው
በዚያ ይጠቀለል፣ በዚያ ይታሰብ።

የፋይናንሱ ምንይችል ጉሮሮውን ጠርጎ
«ወንበር አላሟላም» አለ፣ ጣቱን ወደ እሱ አድርጎ።
የወንበሩን በጀት ለስብሰባ አበል
ያዞረው ማን ሆነና?
ይኼ አልተነሣም። እኔም አልጻፍኩትም።

ሱፐርቫይዘሩ ድረስ ከአፉ ተቀበለ፦
«ሪፖርቱ ዘጠና ስምንት በመቶ ተማሪ ገብቷል ይላል፤
በአጨዳ ሰሞን ሄደን ብንቆጥር ግን፣ ግማሹም የለ።»
ልክ ነው። ያን ሪፖርት ማን ጻፈው? ድረስ ራሱ።
ማን ፈረመው? አንዳርጌ።
ማን አነበበው? ማንም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጅ ተፈትኖ
ያለፉት ሦስት ናቸው።
ይህ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ፤
እያንዳንዱ ከቀሩት መሐል
የራሱን ልጅ፣ የራሱን እኅት ቆጠረ።

የወላጅ ኅብረቱ ሽማግሌ፣ አለቃ ውዱ፣ በትራቸውን ተደግፈው፦
«ገለባ ነውር የለበትም» አሉ፣ «ከብት ያበላል፤
ገለባ አሸክሞ ጤፍ ነው ላለ ግን፣ ማን ይበላል?»
አንዳርጌ ራሱን ነቀነቀ። በአዎንታ ይሁን በድካም አልለየሁም።

እውነት ለመናገር እኔም ዳኛ አይደለሁም።
አራት ዓመት የዝውውር ማመልከቻ ይዤ ያን በር ቆርቁሬ
«ነገ ነይ» ተብያለሁ።
ባሌ ፍኖተ ሰላም፣ እኔ እዚህ፣ ልጄ ከእናቴ ጋር ደጀን፤
አንዲት «ነገ ነይ» ለሦስት ከፍላ አስቀመጠችን።

ደግሞም አይቻለሁ፤ በወንዝ ሙላት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣
የስምንተኛን ፈተና በላስቲክ አስሮ፣ በጀርባው አዝሎ
ወደ ማዶ ሲሻገር። መኪናው ነዳጅ አልነበረውም ያኔ፤
ነዳጁ በእኅቱ ሰርግ እንዳለቀም አውቃለሁ እኔ።
ለዚህ ዓምድ የለም።

«የሕዝብ ተሳትፎ» ሦስት ይሁን አራት ብለው ሲከራከሩ
አንዲት ልጅ፣ በዝናብ ርሳ፣ ከች አለች ከበሩ፤
ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።
«መሸኛዬ ላይ ማኅተም…» አለች።

«ነገ ነይ» ይላታል ብዬ እስክሪብቶዬን አቆምኩ።
አላለም። ግምገማውን ትቶ ተነሣ፤
የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበ።
ባዶ ነው። ጠዋት ነው ማኅተሙን ያስረከበ።
ሰነዱን እኔው ነኝ የጻፍኩ፦
«ማኅተም፣ ክብ፣ አንድ። ቁልፍ፣ ሦስት።
የግድግዳ ሰዓት፣ የማይሠራ፣ አንድ።»

እጁ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።
እኛን ረስቶናል፤ ልጅቷን ነው የሚያይ።
«ነገ ነይ» አላት በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፤
ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ እውነት ነበረ።

ሰባ ሁለት ከመቶ ተባለ፣ በጭብጨባ ጸደቀ።
ጋቢ አለበሱት፤ ያለበሰው ያው ባለጣቱ ምንይችል ነው፤
ሙክቱም ከጓሮ ታስሮ ይጮህ ነበር።

ነጥቦቹን ስደምር ግን ሰባ ሦስት መጣ፣ አንዲት ተረፈችኝ።
እንደገና ደመርኩ፤ ሒሳብ መምህርት ነኝ።
የት እንደምጽፋት ሳላውቅ ደብተሬን ዘጋሁ።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ናት፣ ፌስታሏን አቅፋ።
«ነገ የሚመጣው ሰውዬ
ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።